የዘሃራ እባብ

የላቦራቶሪ አልኮል በሸተተኝ ቁጥር የሚታወሰኝ አሰላ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ በሥራ ተዛውሮ ገና መምጣታችን ስለነበር ጓደኛ አልነበረኝም። የሳይንስ መምህራችን ተማሪዎች የሚያመጡላቸውን የሞቱ እባቦች በጠርሙስ ያስቀምጡ ነበር፤ በየጠርሙሱም ላይ ያንን ዓይነት መጀመሪያ ያመጣው ልጅ ስም ይለጠፋል።

በአካባቢው ግን እባብ የገደለ ሰው ጭንቅላቱን ሳይቀጠቅጥ አይተወውም። ከኢተያም ይምጣ ከጭላሎ ሥር፣ ጭንቅላቱ ደህና የሆነ እባብ አይተን አናውቅም። በጭንቅላታቸው መለየት ስላልተቻለ የሚመሳሰሉትን የምንለየው በቅርፊታቸው ነበር፤ ከሆዱ አንድ ጠርዝ ተነስቶ፣ በጀርባው ዞሮ፣ እስከ ሌላው ጠርዝ ስንት ረድፍ እንዳለ በመቁጠር። ዝምተኛ ስለሆንኩ ቆጠራው ለእኔ ተሰጠ። መምህሩ «መሃሉ ላይ ቁጠሪ» ብለውኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። በእረፍት ሰዓት ሴቶቹ ገመድ ሲዘሉ እኔ ግምጃ ቤቱ ውስጥ መርፌ ይዤ እቆጥራለሁ፤ ወንዶቹ በመስኮት ብቅ እያሉ «የእባብ ነርስ!» ይሉኛል።

ደፍራ የገባች ዘሃራ ብቻ ነበረች። የእህል ነጋዴ ልጅ ናት፤ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለች ያለ ማቋረጥ ታወራለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷ እባቡን ወጥራ ስትይዝልኝ እኔ ቆጠርኩ። አንድ ሰኞ የራሷን እባብ በጋዜጣ ጠቅልላ መጣች።

«የኔ ቦፋ ሌላ ነው። ስሜ ይለጠፋል።»

«ይኼም ቡናማ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ እንዳለው» አልኳት።

«ቡናማማ ጫማሽም ቡናማ ነው! ዝም ብለሽ ቁጠሪ።»

መሃሉ በዱላ ተመትቶ ቅርፊቱ ተገፍፎ ስለነበር ወደ ጅራቱ ዝቅ ብዬ ቆጠርኩ። ሃያ አንድ። የጠርሙሱም ሃያ አንድ ነበር። መምህሩ በክፍሉ ፊት «አንድ ናቸው?» ሲሉኝ «አዎ ቲቸር» አልኩ። ዘሃራ ልጆቹ እየሳቁባት ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ብቻዬን ሆኜ ከቁስሉ ከፍ ብዬ ቆጠርኩት። ሃያ ሦስት። ወደ ጅራት ሲቃረብ ረድፉ እንደሚቀንስ የገባኝ ያኔ ነው። እሷ ልክ ነበረች። መምህሩ ከበሩ ማዶ ቆመዋል፤ አሥር እርምጃ አይሞላም። ተሳስቻለሁ ብል ቆጠራውን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ እናገራለሁ ስል እባቡ ሸተተና ዘበኛው ወስዶ ጣለው። ዘሃራ ወደ ግምጃ ቤቱ አልተመለሰችም። በዓመቱ መጨረሻ ቤተሰቧ ወደ አርቦዬ ሄደ።

አሁን በዩኒቨርሲቲ የምሠራው ይኼንኑ ነው። ማጉያ መነጽርና ጥሩ መብራት አለኝ። እያንዳንዱን እባብ ሦስት ቦታ ላይ እቆጥራለሁ። የሚስቅብኝ የለም፤ እባቡን የሚይዝልኝም የለም።

ባለፈው ጥቅምት አርቦዬ ላይ አውቶቡሳችን ለጥቂት ደቂቃ ቆመ። አንድ ሱቅ ደጃፍ ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ከደንበኛ ጋር እየተከራከረች ትስቃለች። ሳቋን አወቅኩት። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ስሟ አፌ ላይ ደረሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያኔ ዝም ያልኩት ልጅ ስለነበርኩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ አቧራ እንዳይገባ ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት።