ከድጃን ውሸታም ያሰኘኋት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣቶች እየመጡ «በተማሪነትዎ ዘመን ፖለቲካን ከማን ተማሩ?» ሲሉኝ፣ «ከመጽሐፍ፣ ከሕዝቡ ብሶት» እያልኩ እመልሳለሁ። ኤጭ! የራሴ ቅጥፈት ለራሴ አንገሸገሸኝ። ከየትኛው መጽሐፍ? አንዱንም አንብቤ አልጨረስኩም። እኔ ፖለቲካ የተማርኩት ከፍርሃት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች «አድኃሪ» እንዳይሉኝ፣ ሲጮኹ ጮህኩ፤ ሲያጨበጭቡ አጨበጨብኩ። ይኸው ነው።

በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት፣ ተማሪ ሁሉ በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ ለአንድ ዓመት ማገልገል ነበረበትና፣ ጂኦግራፊ እንዳስተምር ቡታጅራ ተላክሁ። እኔ የቡኢ ልጅ ነኝ፤ ቅርብ ነው፣ ሰዉም ያውቀኛል። ክፍል ገብቼ ካርታውን እተውና ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ እሰብካለሁ። ለምን? ለገበሬው አዝኜ? ካምፓስ ስመለስ የማወራው እንዲኖረኝ ነው!

ከሁሉም ያመነችኝ ከድጃ ነበረች፤ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ነስሩ ልጅ፣ ከክፍሉ አንደኛ። አንድ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ከሰልፉ ወጥታ እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ተናገረች። «መሬት ላራሹ!» ስትል ተማሪው ተቀበላት። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳት። እኔስ? እኔ ከመምህራኑ መሐል ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

ስትፈታ አባቷ ቤቴ ድረስ መጡ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ልጄ ይህን ነገር ከመምህሬ ነው የሰማሁት ትላለች። አንተ የአገር ልጅ ነህ፣ አትዋሸኝም። እውነት ነው?»

«እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፣ ሐጂ።»

«አስተግፊሩላህ! በንጹሕ ሰው ጠርጥሬ...» ብለው ይቅርታ ጠይቀውኝ ወጡ። እኔን! ምነው ባላመኑኝ? ከድጃን ግን በመምህሯ ላይ የዋሸች ልጅ ብለው ከትምህርት ቤት አስወጧት፤ ወልቂጤ ላለ ነጋዴም ዳሯት። እኔ ካምፓስ ተመልሼ «ቡታጅራን ያነሳሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ለሐጂ ነስሩ «እኔ ነኝ» ማለት ያቃተኝ ሰውዬ፣ እዚያ አፌ ተፈታ!

ከብዙ ዓመታት በኋላ ወልቂጤ ገበያ፣ ሱቋ ውስጥ አገኘኋት።

«ከድጃ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

የምታጥፈውን ጨርቅ ሳትተው ቀና አለች። «እኔማ እውነቱን አውቀዋለሁ፣ መምህር። አባቴ ግን ውሸታም እንዳለኝ ሞተ። ለእሱ ማን ይንገረው?»

ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ያስፈራ ነበር አልልም። እሷስ ወጣት አልነበረችም? እንድትፈታኝም አይደለም የምነግርህ፣ አንባቢ ሆይ። ሐጂ ነስሩ ሳይሰሙት የቀሩትን ቢያንስ አንተ ስማው፤ ልጃቸው አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።