በጎማ ክዳን የተተከሉ ጽጌረዳዎች

ጎሚስታው ሰውነቱ ግዙፍ ነው። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ግንቡ» ነው የሚለው። የጭነት መኪና ጎማ ብቻውን ብድግ አድርጎ ሲያስቀምጥ ያየ ሰው፣ ስሙን ከየት አመጣው ብሎ አይጠይቅም። እጁ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ በሳሙና ቢፈትገው፣ በናፍጣ ቢያጥበው የጣቱ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጥቁረት አይለቅም። ሾፌሮች ይወዱታል። ቀዳዳውን ቶሎ ያገኛል፣ ብዙ አያወራም፣ አይነጫነጭም። በአንድ ነገር ብቻ ያሙታል። እሱ ጋ ጎማ ያስነፋ ሰው የቫልቩን ትንሽ ክዳን መልሶ አያገኛትም።

«ይሄ ሰውዬ ክዳን ይበላል እንዴ» ይላሉ።

እሱ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን የሚፈልግ ይመስላል። ክዳኗ ግን ኪሱ ውስጥ ናት። የአበባ መትከያ ልትሆን ነው።

ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል አለችው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ጠረጴዛ፤ በቃ። ጠረጴዛው ላይ በልቶ አያውቅም። ምሳውን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚበላው፤ ምክንያቱም ጠረጴዛው የአትክልቱ ቦታ ነው። ሰፊ ጣውላ ላይ ሙጫ ቀብቶ፣ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ የመጋዝ ብናኝ ነስንሶበታል። እሱ ሣሩ ነው። የዛፎቹ ግንድ ከተቃጠለ ዲናሞ የወጣ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ይገምደውና ከታች እንደ ሥር፣ ከላይ እንደ ቅርንጫፍ ይበትነዋል። ከዚያ ከአሮጌ የመኪና ወንበር የወጣ ስፖንጅ ፈቅፍቆ፣ ቀለም ነክሮ፣ አድርቆ፣ ቅርንጫፎቹን ሙጫ ቀብቶ ይበትንባቸዋል፤ ቅጠል ይሆናል። ዳር ዳሩን የዞረው ቁጥቋጦ ድስት የሚፈተግበት አረንጓዴው ስፖንጅ ነው፣ በመቀስ ተከርክሞ። የእግር መንገዱ የተነፋ አሸዋ፣ ኩሬዋ የተሰበረ የመኪና መስታወት። ጽጌረዳዎቹ ደግሞ ቀይ ክር ናቸው። መርፌ ጫፍ ላይ ይጠመጥማቸዋል፣ በትንሽ ሙጫ ያስራቸዋል፣ ከዚያ ክዳኗ ውስጥ አፈር ጠቅጥቆ ይተክላቸዋል።

እነዚያ ወፋፍራም ጣቶች ይህን ሲሠሩ ቅንጣት አይንቀጠቀጡም። ትንፋሹን ይዞ ነው የሚተክለው፤ አንዴ አስነጥሶት ግማሽ ሣሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

መጋረጃውን ግን ይዘጋል። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቶ፣ አምፖል አብርቶ ነው የሚሠራው። በር ሲንኳኳ አንሶላ ወርውሮ ይሸፍነዋል፤ ሌባ እንኳ እንደሱ አይደነግጥም። ቢያዩት ምን እንደሚሉት ያውቃላ። «ግንቡ አሻንጉሊት ይጫወታል» አሉ ማለት፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ጎማ ማንሳት ዋጋ የለውም።

ውሸቱ የጀመረው በክር ነው።

ፊት ለፊቱ ልብስ ሰፊዋ አለች። በዕድሜ ስለምትበልጠው እትዬ ነው የሚላት፣ በአክብሮት። አንድ ቀን ተሻግሮ ሄደና ከስፌት መኪናዋ ሥር የወደቀውን የቀይና የአረንጓዴ ክር ቁርጥራጭ ትሰጠው እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ለክፋት ሳይሆን እንዲያው ለወጉ፣ ምን ሊያደርግለት እንደሆነ ጠየቀችው። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ሁለት ሾፌሮች ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ላብ አጠመቀው።

«ለእህቴ ልጅ ነው» አለ። «የአሻንጉሊት አትክልት ምናምን ትሠራለች።»

ይችን ብቻ ነው ያለው። ግን ውሸት ሲወለድ ትንሽ ነው፤ ሰው ነው እያጎረሰ የሚያሳድገው። ልብስ ሰፊዋ ለአናጢው ነገረችው። አናጢው ጋሼ ልበ ቀና ናቸው፤ የመጋዙን ብናኝ በወንፊት ነፍተው፣ በፌስታል አስረው «ለልጅቷ» ብለው ይልኩለት ጀመር። ልብስ ሰፊዋም ልጅቷ አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደማትመጣ ጠየቀችው። ያስላታል አለ። የመንገዱ አቧራ አይስማማትም አለ። ተመልሶ ሱቁ ሲገባ ጆሮው እንደ ጋለ ነበር። ያልተወለደች ልጅ፣ ጭራሽ ሳል ያዛት።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ጠራችው። ከቁም ሣጥኗ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር እንዲያወርድላት ፈልጋ ነበር። ሲገልጠው የአሻንጉሊት ቤት ነው። ጣራው ይከፈታል፣ ደረጃ አለው፣ መስኮቶቹ በማጠፊያ ይዘጋሉ፤ ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል። ሟቹ ባሏ ለልጃቸው የሠራው ነው። ልጅቷ አግብታ ሩቅ ሄዳለች፤ የወለደችው ወንዶች ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ኳስ እንጂ ሌላ አያውቁም።

«ተሸፍኖ ከሚያረጅ፣ ያቺ የታመመች ልጅ ትጫወትበት» አለችው። «እሱም ቢያይ ደስ ይለው ነበር።»

እዚያው መናገር ነበረበት። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ቤቱን ፈለገው። አትክልቱ መሀሉ ሁልጊዜ ባዶ ነበር፤ መንገዱ ሄዶ ሄዶ የትም አይደርስም ነበር። ደጋግሞ እግዜር ይስጥልኝ አለና ተሸክሞት ሄደ።

ቤቱን ጣውላው መሀል አስቀምጦ በሙጫ አጣበቀው። መንገዱን እስከ በሩ አደረሰለት። ከበሩ ግራና ቀኝ በክዳን የተተከሉትን ጽጌረዳዎች ደረደረ። ከዚያ ከሽቦና ከአረንጓዴ ክር ሐረግ ሠርቶ፣ ከመሬት አንስቶ በግድግዳው ላይ እያጣበቀ እስከ ላይኛው መስኮት አወጣው። ከሠራው ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም። ግን ተቀምጦ ሲያየው ደስታው አይሞላለትም። ልብስ ሰፊዋ ለመስኮቶቹ መጋረጃ ሰፍታ ሰጠችው። ቤቱ ውስጥ ላለችው ትንሽ አልጋ አንሶላ ሰፍታ ሰጠችው። «ወደደችው?» ስትለው «ወደደችው እትዬ» ይላታል፣ ዓይኗን ሳያይ። በሯ ላይ ብቅ ስትል ከጎማ ክምሩ ጀርባ ዝቅ ይላል። እንዲያ ያለ ሰውነት ደግሞ ዝቅ ቢል የት ይደበቃል።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ ድንገት መጣች። ሌላ ጉዳይ ነበራት፤ አውቶቡሱ እዚያው አጠገብ ሲያወርዳት ውሃ ልጠጣ ብላ ሱቁ ገባች። ድምፅዋ ትልቅ ነው። «አንተ ዝሆን፣ ከስተሃል» ስትለው መንገዱ ማዶ ተሰማ። እሱ የውሃ ሳፋ ፊት ቁጭ ብሎ የጎማ ከመነዳሪ ይፈትሻል፣ አረፋ የሚወጣበትን እየፈለገ። ቀና ሲል ልብስ ሰፊዋ ስትሻገር አየ። እጇ ላይ ትንሽ ሹራብ አለ።

«የልጅቷ እናት አንቺ ነሽ?» አለች። «ሳሉ እንዴት ሆነላት?»

«የማን ሳል?» አለች እህቱ።

«የልጅሽ ነዋ። የሴቷ።»

እህቱ ሳቀች። «እኔ እኮ የወለድኩት ሦስት በሬ ነው፣ እናቴ። አንዱም ስሎ አያውቅም፤ እኔን ነው የሚያስሉኝ። ሴትማ ከየት አባቴ አመጣለሁ።»

እሱ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ እያዞረ ነው። ቀዳዳውን ካገኘው ቆይቷል። አሁንም ያዞረዋል። ልብስ ሰፊዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሹራቡን አየች። ሹራቡን አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ መዳፏ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ከዚያ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው ብላ እህቱን ይቅርታ ጠይቃ ተሻገረች። እሱን ዞር ብላም አላየችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እህቱ ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው ብትለው፣ ሥራ በዝቶባት ነው ብሎ ሌላ ውሸት ጨመረ።

እህቱ ከሄደች በኋላ፣ ምሳ ሰዓት አለፍ ሲል፣ የጓሮው በር ተንኳኳ። አንሶላውን ወረወረ። ልብስ ሰፊዋ ናት።

«ቤቱ የት ነው?»

አንሶላውን ገለጠው። መንገዱን አየች፣ ኩሬዋን አየች፣ ጎንበስ ብላ ጽጌረዳዎቹን አየች። የራሷ ክር ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ።»

«ለማን?»

«ለማንም» አለ። «እንዲሁ ደስ ስለሚለኝ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ይስቁብኛል ብዬ።»

«እስቅ ነበራ» አለች። «ሰው ስለሳቀ ምን ይሆናል? እኔ ግን ለዚያች ልጅ ሳል ስጸልይ ነው የከረምኩት። ከራሴ ልጅ ስም ቀጥዬ ነው የማነሳት የነበረው።»

ይሄኛው ልቡን ሰነጠቀው።

«ቤቴን ስጠኝ» አለችው።

ጎማ የሚቆርጥበትን ስለታም ቢላ አመጣ። ቤቱ ተጣብቋል፤ ሣሩን ሳይቀድ አይነሳም። በሩ ፊት ያለውን መንገድ ቆረጠው፣ ጽጌረዳዎቹን አንድ በአንድ አነሳ፣ ቢላውን ከሥር አስገብቶ ዙሪያውን ሰነጠቀ። ከዚያ ሐረጉን ከታች ይዞ መንቀል ጀመረ።

«ተወው» አለች።

ቀና ብሎ አያት። ይቅር ያለችው መሰለው።

«ቀለሙን እያነሳኸው ነው» አለች። «ቀለሙን የቀባው ባሌ ነው።»

እውነት ነው፤ ከሐረጉ ጋር የነጭ ቀለም ቅርፊት እየተላጠ ነበር። እጁን ሰበሰበ።

ቤቱ ለሷ ይከብዳታል። እሱ ነው መሸከም ያለበት። አንሶላውን ሊያለብሰው ብሎ ሞከረ፤ አንሶላው በሐረጉ ሽቦ ተያዘና ቅጠሉን ይጎትት ጀመር። ስለዚህ ሳይሸፍን ወጣ፣ በቀን ብርሃን፣ የአሻንጉሊት ቤት ደረቱ ላይ ታቅፎ። እሷ ከጎኑ ትሄዳለች። አናጢው ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው ከሁለት ሾፌሮች ጋር ያወራሉ። ሲያዩት ፈገግ አሉ።

«ወደ ልጅቷ ልትወስደው ነው? እንዴት ሆነችልህ ለመሆኑ?»

ልብስ ሰፊዋ ቆመች። እሷ ትመልስለት እንደሆነ አያት። እሷ መሬት ታያለች። በዝምታዋ ውስጥ ሊደበቅ ይችል ነበር፤ ደህና ናት ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ እሷም አታጋልጠውም። ግን ያንን ቢል እሷንም የውሸቱ ተካፋይ ማድረጉ ነው።

«እህቴ ሴት ልጅ የላትም፣ ጋሼ» አለ። ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር። «ብናኙንም ስወስድ የነበረው ለራሴ ነው። አትክልት የምሠራው እኔ ነኝ።»

አንደኛው ሾፌር ሳቁን መያዝ አቃተው። «ግንቡ፣ ክዳኖቻችንንም ለዚያ ነው?» አለ።

«ለዚያ ነው» አለ።

ሾፌሮቹ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። አናጢው ጋሼ ግን አልሳቁም፤ ያ ነው የባሰው። ጢማቸውን እያሻሹ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ወዲያው መላጊያቸው ሲፋቅ ተሰማ።

ልብስ ሰፊዋ በሯን ከፈተችለት። ቁም ሣጥኑ ላይ ሊመልሰው ሲል በእጇ የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ጠቆመችው፤ እዚያ አስቀመጠው። የተላጠውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው። ከመስኮቱ የተገነጠለች አንዲት የክር ቅጠል አገኘችና ወደ ቦታዋ ልትመልሳት ሞከረች፤ አልያዘችም።

«ሙጫ ይፈልጋል» አለ እሱ፣ በቀስታ።

«አምጣ እንግዲህ» አለችው፣ ሳታየው።

ሙጫው ያለው እሱ ክፍል ነው። ሾፌሮቹ ደግሞ አሁንም እዚያው አናጢው በር ላይ ናቸው፤ ሌላ መንገድ የለም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።