አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ

የቲኬት ቢሮዋን ሴትዮ እውነተኛ ስም የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እትዬ ደቂቃ ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣ የአውሮፕላን ቲኬት ሸጣለች፤ ከየትኛውም ከተማ እስከ የትኛውም ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና በስንት ደቂቃ እንደሚበረር ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ትናገራለች። ፈሪ መንገደኛ ሲመጣማ የግድግዳውን ካርታ በቀይ ክር ለክታ ታሳየዋለች። "ይኸው፣ ከጣቴ አይረዝምም። ዓይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ ደርሰዋል።" ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ ሰውየው ፍርሃቱን እዚያው ጥሎ ቲኬቱን ይዞ ይሄዳል።

እሷ ግን አንድም ቀን በርራ አታውቅም።

ፍርሃት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ልጇ ባል አግብታ ስድስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ርቃ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። በአየር አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። እናት ግን በየዓመቱ በአውቶቡስ አሥራ አራት ሰዓት ተንገላታ ትደርስና ዓይኗን በጨው አጥባ "በአየር መጣሁ" ትላለች። ልቀበልሽ ስትባል "ምን ያንከራትትሻል፣ ታክሲ ሞልቷል" ብላ ታስቀራለች። አገሩን ሁሉ አትፍሩ እያለች የምትሸኝ ሴት እንዴት ፈራሁ ትበል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጇ ደወለች።

"እማ፣ ምጥ ጀምሮኛል። ባሌ ለመስክ ሥራ ወጥቷል፣ ብቻዬን ነኝ። ድረሽልኝ።"

"ሐኪም ቤት ግቢ። መጣሁ።"

"በምን?"

"በምን ይባላል? በአየር ነዋ።"

አውቶቡሱ ማለዳ ሄዷል። የአምስት ሰዓቱ በረራ አንድ ወንበር ቀርቶታል። ለራሷ ቲኬት ስትቆርጥ የገዛ ስሟን ሁለት ጊዜ ተሳስታ ጻፈች።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡት ሽማግሌ ባለፈው ሳምንት በክር ለክታ ቲኬት የሸጠችላቸው ሰው ሆኑ።

"ዓይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? ፊትሽ ምነው አመድ መሰለ?"

"አውሮፕላን እፈራለሁ፣ አባባ።" በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረች፣ ያውም ለደንበኛ።

"አይ የኔ ልጅ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኔም በአውቶቡስ እሄድ ነበር" አሉና እጇን ያዙ። ሁለቱም ጨፈኑ። ስትገልጥ ያለፈው ገና ስምንት ደቂቃ ነበር። የቀረውን ስልሳ ሁለት አንድ በአንድ ቆጠረችው።

ሐኪም ቤት ስትደርስ ልጇ ገና አልወለደችም። ላብ አጥምቋታል። ፊቷን ሳታይ አስቀድማ የእናቷን እግር አየች።

"እማ፣ ዛሬ እግርሽ አላበጠም።"

"ለምን ያብጣል?"

"አራት ዓመት ሙሉ በአየር መጣሁ ስትዪኝ፣ አልወልቅ ያለ ጫማሽን እየጎተትኩ ያወለቅኩት እኔ ነኝ።"

እናት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ልጇ ግን እጇን ፈልጋ ጨበጠችው። "ፈርተሽ ነበር?"

"ነፍሴ እስክትወጣ።"

"እኔም ፈርቻለሁ። ብዙ ይቀረኛል?"

ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ የሚለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው።

"ብዙ ነው" አለቻት። "አብረን እንቆጥራለን።"