የማጥፊያው አድራሻ

እጆቿ ስንደዶ እየጠቀለሉ ሙዳይ ይሰፋሉ፤ ዓይኗ ግን ከዋናው ኮምፒውተር አይነቀልም። ከጥንቱ የከተማ ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ያለውን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የምትጠብቀው ይህች ባለ ቢጫ ሻሽ ሴት የት እንደተማረች ማንም አያውቅም።

ዓርብ ዓርብ መምህር ሰለሞን በጊዜ ዘግተው መሄድ ይወዳሉ። ዛሬ ደግሞ ሸምሲያ የምትባል ተማሪ ፈተናዋን ገና እየጻፈች ነው፤ መልሷ የሚቀመጥበት ዋናው ማሽን ከጠፋ ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

"የማጥፊያውን ትእዛዝ ብጽፍ 'እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላገኘሁም' ይለኛል" አሉ መምህሩ።

"አለ እንጂ መምህር። ወላሂ ከቦታው አልተነቃነቀም" አለች ወስፌዋን ሳታቆም።

"ፈቃዱ እያለኝ ለምን አያገኘውም ታዲያ?"

"ማሽኑ የሚፈልገው ፈልግ በተባለበት መንገድ ብቻ ነዋ። እርስዎስ ቤትዎ ቢላዋውን እንግዳ ፊት ይሰቅሉታል? እኛ ጓዳ ነው የምናስቀምጠው።"

መምህሩ እያጉረመረሙ እንደገና መጻፍ ጀመሩ። እሷ ወደ ሸምሲያ ጎንበስ ብላ "ረጋ ብለሽ ጨርሺ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ፈተናዬን ሳልጨርስ ነው ማሽኑን ያጠፉብኝ" አለቻትና ወደ ሙዳይዋ ተመለሰች።

ትእዛዙ ያለው ለአስተዳዳሪዎች በተለየው፣ ኤስቢን በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። የፎልደሩ ሙሉ አድራሻ ከትእዛዙ ፊት ከተጻፈ ማሽኑ ወዲያው እሺ ይላል። መምህሩ ይህን አያውቁም። እናንተ ግን አሁን አውቃችኋልና ባለ ቢጫ ሻሿ ሴት አንድ ነገር ትለምናችኋለች፤ በዚያ በኩል ካለፋችሁ፣ ልጅቷ እስክትጨርስ ድረስ እባካችሁ ለመምህሩ እንዳትነግሯቸው።