እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስና የልጃቸው ቡችላ

እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ውሻ አይወዱም ነበር። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የሆነውን የሰማ ሰው የውሻ ፍቅር ያለባቸው ይመስለዋል። ውሻ ነጠላቸውን ከነካው ያንኑ ቀን ምንጭ ወርደው ያጥቡታል። መንገድ ላይ ካገኙት «ወግድ» ብለው በሌላ በኩል ይዞራሉ።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ መዓዛ እባላለሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያውም ልጆች ከወለድሁ በኋላ። ብዙም አልገፋሁ። የጻፍሁት ቢወላገድ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ስለ ትልልቅ ሰዎች የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኔ የማውቀው የእማሆይን ነው።

ከንፋስ መውጫ በባጃጅ መጥተው ሲወርዱ ዳገት አለ። ዳገቱ ላይ ማርያም፣ ከማርያም ቅጥር ሥር ደግሞ የእማሆይ ጎጆ። ጎጆዋ የደብሩ ናት። ባላቸው ሞተው ቆብ ሲደፉ የሰጧቸው ቄሰ ገበዙ ናቸው፤ ቄስ ይበልጣል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃና ንጽሕና የሚጠብቁት። እማሆይ በበኩላቸው የቅጥሩን ዙሪያ ይጠርጋሉ፤ ለቆሎ ተማሪዎች ውኃ ይቀዳሉ። ያለቻቸው አንድ ዘር እንዳልካቸው ነው፤ ወገዳ ከተማ አስተማሪ ነበር።

መስከረም ላይ በዚያ በኩል ጸጥታ ታውኮ ትምህርት ቤት አልተከፈተም። አንድ ቀን ከሰዓት እንዳልካቸው ቦርሳ በትከሻው አድርጎ መጣ። እኔ እማሆይ ቤት ገብስ እለቅማለሁ። ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ዚፑን ሲከፍተው ጥቁር ጭንቅላት ብቅ አለ።

እማሆይ ወደ ግድግዳው ሸሹ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ቡችላ ነው እማ። እናቱን መኪና ገጫት፤ በወተት ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ስሙ ጃክ ነው።»

«እና ወደ እኔ? ከማርያም ደጅ?»

«ይዤው መሄድ አልቻልሁም። ለጥቂት ጊዜ ነው።»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ሥራ ልፈልግ።»

ወዴት እንደሆነ አልተናገረም። እማሆይም ደግመው አልጠየቁም። በዚህ ዘመን እናት ሁሉን አትጠይቅም።

«ውጭ እንዳያሳድሩት» አላቸው። «ጅብ ይበላዋል። ቤት እንዳያበላሽብዎ ደግሞ ገና እንደነቃ ያውጡት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይውሰዱት፣ ቦታውን ይለምዳል። እዚያ ሲያደርግ ያመስግኑት።»

«ውሻ ላመስግን?»

«ጎበዝ ይበሉት፣ በቃ።»

«ምን አርሶ፣ ምን አጭዶ ነው ጎበዝ የምለው?»

እንዳልካቸው ሳቀ። ሲስቅ ገና ልጅ ይመስላል። ጉልበታቸውን ስሞ፣ «አደራ፣ እማ» አለና ዳገቱን ወረደ። ቡችላው እስከ ደጃፉ ተከተለውና እዚያው ተቀምጦ ሲያላዝን ቆየ።

በእኛ አገር ውሻ ደጅ ነው የሚያድር። ውሻን የቤት ሥርዓት ማስተማር የሚባል ነገር ሰምተን አናውቅም። እማሆይ የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት እንደገፉት እኔ ነኝ የማውቀው። አጎዛቸው ላይ ሸና። ዳዊታቸውን ዘርግተው ከሚቆሙበት ቦታ ላይ ሌላውንም አደረገ። እሳቸው አመድ ይነሰንሳሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ይለቀልቃሉ፤ ነጠላቸውን በየቀኑ ያጥባሉ። ሽታው አልወጣ ሲላቸው «ምን በድዬ ነው?» እያሉ ለብቻቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«አፍንጫውን አስነክተው በአለንጋ ይበሉት» አልኋቸው።

«የሰው አደራ አይመታም።»

ጃክ ብለውም አልጠሩት። «ከማርያም ሥር እንዲህ ያለ ስም አልጠራም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይጥራው» አሉ። ስለዚህ «አንተ» ሆኖ ቀረ። «አንተ፣ ና። አንተ፣ ውጣ።»

ልጃቸው ያላቸውን ግን እንደ ሕግ ያዙት። ገና ሲነቃ በገመድ ይዘው ያወጡታል፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ። ቀስ እያለ ለመደ። ማታ ተኝቶ ሳያበላሽ ማደር ጀመረ። ጠዋት በሩን በጥፍሩ ይቧጥጣል፤ እሳቸው ይነሣሉ፤ ይወጣሉ። ከዚያ ወዲህ ወለሉ ደረቀ፤ ሽታውም ጠፋ። እማሆይ ለእንዳልካቸው እንዴት እንደሚነግሩት ሲያስቡ ፊታቸው ላይ ያስታውቅባቸው ነበር።

ግን ለማን ይንገሩ? እንዳልካቸው አልደወለም። መጀመሪያ ኔትወርክ የለም ተባለ፤ ቀጥሎ መንገድ ተዘጋ። ኔትወርኩ ተመልሶ መጣ። መንገዱም አንዳንድ ቀን ይከፈታል። የእኔ ስልክ ነው ለሁለታችንም፤ ማታ ማታ መጥተው «ጮኸ?» ይሉኛል። «አልጮኸም» እላለሁ። ቡችላውን አስከትለው ይመለሳሉ።

የቆሎ ተማሪና ውሻ ደመኛ ናቸው፤ ተማሪ ቁራሽ ሲለምን ውሻ ነው የሚያሳድደው። አንድ ቀን ዮሐንስ የሚባል የድጓ ተማሪ ውኃ ሊጠጣ መጥቶ ቡችላውን አየና፣ «እማሆይ፣ ጠላታችንን ወተት እያጠጡ ያሳድጉልን ጀመር? ነገ ቅልጥማችንን ሲዘነጥለው ምን ሊሉ ነው?» አላቸው።

«ዝም በል። ከሌላው ውሻ የኔው ይሻልሃል፤ ጸሎት እየሰማ ነው ያደገ።»

ዮሐንስ ከት ብሎ ሳቀ። እማሆይም ፈገግ አሉ። እንዳልካቸው ከሄደ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ የመጣው በጥቅምት ነው። ውርጭ የጣለበት ጠዋት፣ ቄሰ ገበዙ ወደ ኪዳን ጸሎት ሲገቡ እንደ ደንቡ ደጀ ሰላሙ ጋ ጫማቸውን አወለቁ። አንድ እርምጃ አልሄዱም፤ ረገጡት። በባዶ እግራቸው። ኪዳኑ በሌላ ቄስ ተጀመረ፤ እሳቸው ምንጭ ወርደው በዚያ ብርድ እግራቸውን ሲያጥቡ። ከምንጩ ቀጥታ ወደ እማሆይ ጎጆ መጡ። እኔ በእኛ አጥር በኩል ቆሜ ነበር።

«እማሆይ!»

«አቤት፣ አባቴ።»

«የማርያምን ደጅ የውሻ እዳሪ አደረጓት?»

«እኔ? ኧረ ስለ ስሟ!»

«ዛሬ ብቻ መሰለዎት? ዲያቆኑ ስንት ጊዜ ነው አፈር ያለበሰው! እርስዎን አፍሮ አልተናገረም እንጂ።»

እማሆይ ቡችላውን አዩት። ቡችላው ለቄሰ ገበዙ ጭራውን ይቆላል።

«የጽዮን ንግሥ ደርሷል» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሕዝብ ይመጣል። ታቦት በሚወጣበት በር! ያ ቀን ሳይደርስ ወይ እሱ ይሂድ፣ ወይ...»

አልጨረሱትም። ዓይናቸው ግን ጎጆዋ ላይ አረፈ። ከዚያ እግራቸውን እያራገፉ ወጡ።

እኔ ገባሁ። እማሆይ መደባቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ አይቆጥሩም።

«ተስፋሁን ይውሰደው» አልሁ። ተስፋሁን ከወንዙ ማዶ በግ ያረባል፤ ጠባቂ ውሻ ሲፈልግ ሰምቻለሁ። «አጥንት አይቸግረውም። ቦታውም ሰፊ ነው።»

«አንቺ አደራ ብትሰጪኝና ለሌላ ባሳልፈው ምን ትይኛለሽ?»

«እማሆይ፣ ይኼ እኮ ውሻ ነው።»

«እንዳልካቸው መጥቶ ቢያጣው» አሉ።  «መጥቶ ቢያጣው ‹ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው የሰጡት› አይለኝም?»

 ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ውሻው ከዚያ ቤት የወጣ ቀን እሳቸው ልጃቸውን መጠበቅ ያቆሙ ይመስላቸዋል።

እማሆይ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን መቱ። «እኔው ነኝ ያስተማርሁት! ‹እንደነቃ ያውጡት› አለኝ፤ አወጣሁት። እንደነቃሁ እኔ ወዴት ነው የምሄደው? ‹አንድ ቦታ ይውሰዱት› አለኝ፤ እኔ አንድ ቦታ የምቆመው የት ነው? ደጀ ሰላሙን ልሳለም ዓይኔን ጨፍኜ ስቆም እሱ ጉዳዩን ይፈጽማል። ‹ያመስግኑት› አለኝ። ጎበዝ ማለት ነውር ሆኖብኝ አላልሁትም። ጸሎቴን ስጨርስ ግን ምን እላለሁ? ‹ተመስገን› እላለሁ። እሱን ያልሁት መስሎታል!»

ልስቅ ፈልጌ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውሁት።

በማግስቱ ወደ ማርያም አልወጡም። ከጎጆዋ በታች፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር የጎርፍ ቦይ አለ፤ ሰው ጥራጊ የሚደፋበት። ከዚያ ሆኖ ከወገዳ የሚመጣው መንገድ ይታያል። ቡችላውን ወደዚያ ጎተቱት። እሱ ወደ ዳገቱ ይስባል። የለመደው ቦታ ማርያም ናት። እሳቸው ቆሙ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን አዙረው ጸሎታቸውን እዚያው ጥራጊው ላይ ጀመሩ። ቡችላው አለቀሰ፤ ተቀመጠ፤ ምንም አላደረገም። ፀሐይ ሲሞቅ ተመለሱ። ቤት እንደገባ ወለሉ ላይ ሸና።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ቀን ሄደ። ኪዳን ቀረባቸው። ቅጥሩን የሚጠርጉት ረፋድ ላይ፣ ውሻውን አስረው፣ ሰው ሳይበዛ ሆነ። ውርጩ ደረታቸውን ያዘው፤ ማታ ሲያስሉ በግድግዳው እሰማለሁ። ምንጭ ዳር ሴቶች «እማሆይ ቤተ ክርስቲያን ትተው ቆሻሻ ላይ ይሳለማሉ አሉ» ሲባባሉ ሰማሁ። አንዷማ «ልጇን ሲያሳጣት ጊዜ ነው፤ አእምሮዋ ነው» አለች። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስሁ።

«እኔ ላውጣው፤ እርስዎ ኪዳንዎን ያድርሱ» ብላቸው፣ «ሰውም ይለያል እኮ። ካላየኝ ወደ ማርያም ነው የሚሮጥ» አሉኝ።

አንድ ጠዋት ግን ድምፃቸውን ከቦዩ ሰማሁት። «ተመስገን! ተመስገን፣ አንተ! ተመስገን!» ወጥቼ አየሁ። ቡችላው እየዘለለ ይዞራቸዋል፤ እሳቸው ነጠላቸው ወድቆ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ጎበዝ ማለትማ እስከዛሬም አላሉትም።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። ዳገቱ በሰው ነጣ። ለዚያ ቀን ቡችላው እኔ ቤት እንዲታሰር ተስማማን፤ እማሆይ ከስንት ጊዜ በኋላ ደጀ ሰላሙን ሊሳለሙ ነው። ንጹሕ ለብሰው፣ ከሕዝቡ ጋር ወጡ። እኔም ልጆቼን ይዤ ከኋላቸው ሆንሁ።

ደጀ ሰላሙ ጋ ደርሰው ሊንበረከኩ ጎንበስ ሲሉ ሰው «ውሻ! ውሻ!» አለ። ገመዱን በጥሶ መጥቷል። የተበጠሰው ገመድ አንገቱ ላይ ይንዘላዘላል። በሰው እግር መሐል ሹልክ ብሎ እማሆይ እግር ሥር ቆመ፤ ቀና ብሎ አያቸው። ቄሰ ገበዙ ከበሩ ውስጥ ናቸው፤ አዩት። ከሕዝቡ ዱላ ያነሣም ነበር።

እማሆይ ከንፈራቸው ወደ በሩ ተቃርቧል። ቢሳለሙ፣ እንደ ድሮው ቆመው ቢጸልዩ፣ ቡችላው ቦታው ተመለሰ ብሎ ያስባል፤ ያን ሁሉ ጠዋት የለፉበት ይፈርሳል፤ ያውም በንግሥ ቀን፣ በሕዝብ ፊት። ይኼን እኔና እሳቸው ብቻ ነን የምናውቅ።

ቀና አሉ። አልተሳለሙም። ጀርባቸውን ለማርያም ደጅ ሰጥተው «አንተ፣ ና» አሉና በሕዝቡ መሐል ቁልቁል ወረዱ። ቡችላው ተከተላቸው። ሰው እያማተበ መንገድ ለቀቀላቸው። «መነኩሲት ናት ይቺ?» ያለ ድምፅ ሰማሁ። እሳቸውም ሳይሰሙ አይቀሩ፤ እርምጃቸውን ግን አላፈጠኑም።

ታቦት ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እስኪገባ ቦዩ ዳር ቆሙ። እልልታውን ከዚያ ሆነው ሰሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከላይ ሆኜ አየዋለሁ። ቡችላው የሚያደርገውን አድርጎ እግራቸው ሥር ተኝቷል።

ሕዝቡ ሲበተን ቄሰ ገበዙ በጨርቅ የተጠቀለለ የበረከት ዳቦ ይዘው ወረዱ። ከውሻው ራቅ ብለው ቆሙና እጃቸውን ዘርግተው ሰጧቸው። እኔ ተጠግቼ ነበር።

«እንዳልካቸው ደወለ?» አሉ።

«አልደወለም፣ አባቴ።»

ቄሰ ገበዙ ቦዩን አዩ፤ መንገዱን አዩ። «እንግዲያስ እሱ እስኪመጣ ይቆይ» አሉና ሄዱ።

ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ጎጆዋም አልተወሰደች፣ ውሻውም አልሄደ። እማሆይ ግን ዳቦውን እንደያዙ «እስኪመጣ» አሉ፣ ለራሳቸው። 

አሁን ቡችላው ቡችላ አይደለም። ደጅ ነው የሚያድር፤ ጅቡን የሚያሳድደው እሱ ሆኗል። ገመድም የለበት፤ በፈለገበት መሄድ ይችላል። እማሆይም ወደ ኪዳናቸው ተመልሰዋል። መጀመሪያ ግን፣ ውርጭም ይሁን ጉም፣ ቦዩ ዳር ይወርዳሉ። ውሻው ጉዳዩን ይጨርሳል። እሳቸው ከወገዳ የሚመጣውን መንገድ ያያሉ። መኪና ብቅ ካለ እስኪያልፍ ይቆያሉ፤ ሰው ይወርድ እንደሆነ። አንዳንድ ቀን ብዙ ይቆያሉ። ውሻውም «ተመስገን» እስኪሉት ድረስ ከአጠገባቸው አይነቃነቅም።