የማይታጠበው ካልሲ

እኔ ሽታ የምፈራ ሰው አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት የእግር ኳስ ቡድን ልብስ ያጠበ ሰው ሽታ ከፈራ ሥራውን ቢተው ይሻለዋል። ላብ አውቃለሁ፣ ጭቃ አውቃለሁ፣ ደም አውቃለሁ፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት ከመልበሻ ክፍል የሚመጣልኝን ክምር ስፈታ አፍንጫዬን እንኳ አልሸፍንም። ያን ዓመት ግን አቅለሸለሸኝ። አሁንም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል፤ ስለዚህ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

የኛ ቡድን ማሸነፍ ሲጀምር ካልሲ አያሳጥብም። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ ስቀጠርም ነበር። ድል ካልሲ ላይ ይቀመጣል፣ ውኃ ሲነካው ይሄዳል ባዮች ናቸው። ማሊያው ይታጠባል፣ ቁምጣው ይታጠባል፣ ካልሲው ግን እስኪሸነፉ ድረስ መልበሻ ክፍል ግድግዳ ላይ በየቁጥሩ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ደግነቱ ለብዙ ዓመት ችግር አልሆነብኝም፤ ቡድናችን ከሁለት ጊዜ በላይ ተከታትሎ አሸንፎ አያውቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ይሸነፉልኛል፣ እኔም እፎይ ብዬ እዘፈዝፈዋለሁ።

ያን ዓመት ግን ማሸነፍ ጀመሩና አላቆም አሉ። የጀመሩትም ልጁ ሲገባ ነው።

መዝጊያ ነበር የምለው፤ በሱ በኩል ሰው አያልፍማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባቱን አያውቀውም፤ እናቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። ወደ ቡድኑ ከመምጣቱ በፊት ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ተሸካሚ ነበር። ኳስም የተማረው እዚያው ነው፤ በምሳ ሰዓት ሠራተኞቹ በተደረደረው ብሎኬት መሀል ይጫወታሉ፣ ኳሱ ያመለጠው ሰው ደግሞ ያልደረቀውን ብሎኬት ስለሚያፈርስ አሠሪው ያባርረዋል። ስለዚህ ኳስ በጎኑ እንዲያልፍ መልቀቅ የሚባል ነገር አልለመደም። አንዳንዱ ሰው ተከላካይ የሚሆነው ወዶ ነው፤ እሱ የሆነው ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ነው።

ዓይን አፋርነቱ ለጉድ ነው። ልብሱን የሚቀይረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ሲያልቅ ማሊያውን በእጁ አጥቦ፣ ጨምቆ፣ አጣጥፎ አመጣልኝ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት።

«እንዳይደክሙ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ካልደከምኩ ታዲያ ለምን ቀጠሩኝ? ሂድ ተጫወት!»

ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ልጅ ሆነ። እኔ አልወለድኩም፤ ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ ነገሩ እንዲገባችሁ ነው።

አራት ወር ተቀያሪ ወንበር ላይ ከረመ። ነባሩ የመሀል ተከላካይ በቀይ ካርድ ወጥቶ ሦስት ጨዋታ ሲቀጣ ነው ተራው የደረሰው። በገባበት ቀን አንድ ለባዶ አሸነፉ። በሁለተኛውም አሸነፉ፣ በሦስተኛውም። ነባሩ ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ አሰልጣኙ «ያሸነፈ ቡድን አይነካም» ብሎ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሰውየው ወንበሩ ላይ ሆኖ መዝጊያን እንዴት እንደሚያየው እኔም አይቻለሁ፣ ልጁም ያያል። አንድ ቀን ቢቀር ቦታው እንደሚሄድ ልቡ ያውቃል። ቡድኑ ወደ ላይኛው ሊግ ካለፈ ደግሞ የሁለት ዓመት ውል ትፈርማለህ ተብሏል። ውል ማለት ለሱ ብሎኬት ቀረ ማለት ነው፤ እናቱም መጥረጊያዋን ታስቀምጣለች ማለት ነው።

አራተኛው ጨዋታ ላይ የባላጋራ አጥቂ በታኬታው የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ረገጠው። ከመስመሩ ውጪ የውኃ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ሲረገጥ አየሁ፣ ሲነሳ አየሁ፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሲሮጥም አየሁ። ጥፍሩ ከሥሩ ተነቅሏል። የቡድኑ ወጌሻ ካልሲውን አውልቆ ተመለከተው፣ በጥጥ ጠረግ ጠረግ አደረገውና «ጥፍር ነው፤ ይበቅላል» አለው። ከዚያ ያንኑ ካልሲ መልሶ አለበሰው። ያንኑ! የአራት ጨዋታ ላብ የጠጣውን፣ መሬት ላይ ቢያቆሙት የሚቆመውን ካልሲ፣ ሥጋው በወጣ ጣት ላይ! ወጌሻ ነኝ የሚል ሰው! እንትፍ!

አምስተኛውንም ስድስተኛውንም እንዲሁ ተጫወተ። ከጨዋታ በፊት ወጌሻው ማደንዘዣ ይወጋዋል፣ ዘጠና ደቂቃ እግሩን ሳያውቀው ይሮጣል፣ ማደንዘዣው ሲለቀው ያነክሳል። አሰልጣኙ ያያል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ስድስተኛውን ካሸነፉ በኋላ ሌሎቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ እየጨፈሩ ሳለ መዝጊያ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፎ እኔ ጋ መጣና የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አልወልቅ አለኝ።»

ካልሲው ነው። ከጣቱ ጋር ተጣብቋል። ለብ ያለ ውኃ በባልዲ አቅርቤ እግሩን ነከርኩና ቀስ እያልኩ እላጠው ጀመር። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን ያያል። ካልሲው ሲለቅ የወጣው ሽታ የሞተ አይጥ ሽታ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። አውራ ጣቱ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል፣ ጎኑ ያለው ጣትም ጠቁሯል፤ መግሉ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ፊቴን አዙሬ የመጣብኝን ዋጥ አደረግሁት።

«ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ!»

«ከእሑድ በኋላ።»

«እግርህ እስከ እሑድ ይጠብቅሃል?»

«እትዬ፣ አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። አቻ ብንወጣም እናልፋለን። እኔ ከተኛሁ ነባሩ ይገባል፤ እሱ ከገባ ደግሞ እኔን ማን ያስታውሰኛል?»

«ለእናትህ እነግራታለሁ።»

«ከነገሯት ሁለተኛ እዚህ ደጅ አልደርስም።»

አንጀቴን በላው። እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። የቻልኩትን ግን አደረግሁ። ቁስሉን በጨው ውኃ አጠብኩለት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩለት፣ ካልሲውን ደግሞ ድላቸው ገደል ይግባ ብዬ ድስት ውስጥ ከትቼ ቀቀልኩት። ሦስት ውኃ አወጣሁለት። የመጀመሪያውን ውኃ መልክ አልነግራችሁም፤ ምናልባት ምሳ እየበላችሁ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለአምስት ቀን ጠዋት ጠዋት ልምምድ ሳይጀመር ይመጣል፣ አጥብለታለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እብጠቱ ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ። በአምስተኛው ቀን ጫማውን ሲያስር ፊቱን አላኮማተረም።

ቅዳሜ ከሰዓት አምበሉ ልብስ ማጠቢያው ደጃፍ ላይ ቆመ። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ይህ ሰው ከጨዋታ በፊት ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ከምስማሩ እያወረደ ያሸታል። አዎ፣ ያሸታል! አፍንጫውን ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሽቶ የሚመርጥ ይመስል።

«እትዬ፣ አንድም ካልሲ አልነካሽም አይደል?» አለኝ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንዳይሆን ነገሩ!»

«ማን ነክቶት!»

«ነገ ካልሲ ሳሙና ሳሙና ቢለኝ፣ አጣቢዋም ባለ ካልሲውም እዚህ ግቢ አይውሉም። አሰልጣኙም ያውቃል።» እየሳቀ ጀምሮ ሳይስቅ ጨረሰ፤ ሄደ።

የመዝጊያ ካልሲ የጨዋታው ቀን እስኪደርስ እኔው ጋ ከበሩ ጀርባ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ነጭ ሆኗል። አነሳሁና አሸተትኩት፤ እኔም አሸታች ሆንኩላችሁ። ሳሙና ሳሙና ይላል። አሁን የማደርገው ጠፋኝ። ልጁ ይባረራል፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ የት እቀጠራለሁ?

ከማጠቢያው ጀርባ ፍሳሽ የሚያልፍበት ቦይ አለ። የልብሱም እጣቢ፣ የመታጠቢያውም፣ የመጸዳጃ ቤቱም ውኃ እዚያ ይገናኛል፤ ፀሐይ ሲመታው ከላዩ አረፋ ይሠራል። ዙሪያዬን አየሁና ካልሲውን ይዤ ወረድኩ። ነከርኩት። ጨመቅኩት። አልበቃኝ ብሎ ከሥሩ ያለውን ጥቁር ዝቃጭ ጣቱ የሚገባበት ቦታ ላይ በአውራ ጣቴ አሸሁት። ዕድሜ ልኬን ቆሻሻ ከልብስ ሳወጣ የኖርኩ ሰው በገዛ እጄ ቆሻሻ ከተትኩ። ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁትና ሲደርቅ ሰው ሳያየኝ ምስማሩ ላይ መለስኩት።

ደግሞ ራሴን አታለልኩ። ቁስሉ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ አይነካውም አልኩ። እሑድ ጠዋት ጨርቁን ደርቤ ጠቀለልኩለትና «አምበሉ እንዳይነቃብን ካልሲህን ትንሽ እንዲሸት አድርጌዋለሁ» አልኩት። በምን ብሎ አልጠየቀኝም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

አምበሉ ካልሲውን አውርዶ አፍንጫው ላይ አደረገው፤ ጠረኑን ሳበ። «ይኼ ነው!» አለ። «ይኼ ነው የድል ሽታ!» ከዚያ ሳመው። እኔ ውኃ ሳጥኑን ተሸክሜ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ሳጥኑን ጥዬ ወደ ውጪ ወጣሁ።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ወጌሻው መርፌውን ሊወጋ ጨርቄን ፈታ፣ ከወጋ በኋላም «በዚህ ሁሉ ጨርቅ ጫማው አይገባም» ብሎ ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። ካልሲውን በባዶ ቁስል ላይ ሳበለት።

እስከ ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ ነበሩ። መዝጊያ የቆመው በጉልበቱ ሳይሆን በግትርነቱ ነው። ያ ሁሉ ፀሐይ እየመታው ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «አውጡት!» ብዬ ጮህኩ፤ አሰልጣኙ ዞር ብሎ እንደ ዕቃ አየኝ። የማዕዘን ምት ተመታ። ኳሱ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ዘለለ፣ እሱ አልዘለለም፤ ዝም ብሎ ቆሞ ያየዋል። የባላጋራው አጥቂ ከመዝጊያ ራስ በላይ ዘልሎ በጭንቅላቱ መትቶ አገባው። ከዚያ ማንም ሳይነካው መዝጊያ በግንባሩ ተደፋ። አምበሉ ሮጦ ደረሰ። ሊያነሳው መስሎኝ ነበር፤ ማሊያውን ጨምድዶ ይጮህበት ጀመር። የሚሰማው ሰው አልነበረም።

አንድ ለባዶ ተሸነፉ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄድኩ። አውራ ጣቱንና ጎኑ ያለውን ጣት ቆርጠዋቸዋል። እግሩ ራሱ የተረፈው ለጥቂት ነው አለች ሐኪሟ። አውራ ጣት የሌለው ሰው ይራመዳል፤ ተፈትልኮ የሚሮጥ አጥቂ ግን አያቆምም። ሐኪሟ እናትየውንና እኔን ኮሪደር ላይ አቁማ «ይህ ቁስል ውስጥ ምንድነው የገባው? ከፍሳሽ ነው የሚመስለው፤ የት አገኘው?» ብላ ጠየቀችን። እናቱ እኔን አየች። እኔ መሬቱን አየሁ።

ሐኪሟ ስትሄድ እናቱ ሁለት እጄን ይዛ ሳመች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። «እህቴ፣ ሁሉን ነግሮኛል» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ቁስሉን ስታጥቢለት እንደነበር። እኔ እናቱ ያላደረግሁትን አደረግሽለት።» እጄን መንጠቅ አቃተኝ። ጥፍሬ ሥር ያ ዝቃጭ ያለ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

ውኃ ልታመጣለት ስትወጣ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ልነግረው ነው የሄድኩት። እሱ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ አምበሉ ትናንት መጥቶ ነበር።»

«ሊጠይቅህ?»

«ካልሲህ ታጥቦ ነበር ወይ ብሎ ሊያጣራ። አልታጠበም አልኩት። ለማንም አልናገርም፣ አይስጉ።» እጄን በእጁ ሸፈነው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሲያጥቡት ዝም ማለት አልነበረብኝም፤ ባይታጠብ እናልፍ ነበር። ግን አዝነውልኝ ስለሆነ አልተቀየምኩዎትም።»

ደሜ ፈላ። ጩኺ ጩኺ አለኝ። «አንተ ጅል!» አልኩት። «ስማኝ! ጣቶችህን ያስቆረጠህ መታጠቡ አይደለም። ከታጠበ በኋላ ያን ካልሲ ፍሳሽ ቦዩ ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ። የመጸዳጃ ቤት እጣቢ ውስጥ! አምበሉ እንዳይነቃ ብዬ፣ ሥራዬን ብዬ! እኔ ነኝ ያስቆረጥኩህ!»

የሚሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ እንዲሰድበኝም ፈለግሁ። እሱ ግን ግንባሩን ቋጥሮ ነገሩን ያሰላስል ነበር።

«እሱማ ደግ አስበው ነበር፣ እትዬ» አለኝ በመጨረሻ። «አንዴ ውኃ ነክቶት ስለነበር ነው እንጂ ይሠራ ነበር።»

ተነስቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ እናቱ ብርጭቆ ይዛ ስትመጣ ተገናኘን፤ ፈገግ አለችልኝ። ሳላናግራት አልፌያት፣ እዚያው ሳያስመልሰኝ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ዘበኛውን ጠየቅሁት።