ሁለት ሰዓቶች በጠርጣሪ እጅ

ሲስተር በነርስነት በሠራችባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት የታካሚን የልብ ምት አንድ ጊዜ ቆጥራ ትጽፍ ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሁለት ሁለቴ ትቆጥራለች።

የእጅ ሰዓቷ ባትሪ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ ሰከንድ ቆጣሪው ቆም እያለ ይሄድ ኖሯል። እሷ ይህን ሳታውቅ ቆጥራ «መቶ አርባ» ብላ ጻፈች። ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ታካሚው አዛውንት ሰላማዊ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። የተቆጣት የለም፤ እሷ ግን የራሷን ቆጠራ ማመን አቃታት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሁሉንም ሁለቴ ስትቆጥር ረፋዱ ያልፍና የመድኃኒት ሰዓት ይዛነፋል። ባልደረቦቿ «ጠርጥሬ» የሚል ስም አወጡላት።

ስለዚህ ባትሪ የማይነካው፣ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ልትገዛ ቆረጠች። ሽማግሌው ሰዓት ሻጭ ቀጭን እጇን አይተው ሁለት ትንንሽ ሰዓቶች አወጡላት። ሥሪታቸው አዲስ፣ መልካቸው ግን ከአያት ሣጥን የወጣ የሚመስል ነው፤ የአንዱ ፊት ነጭ፣ የሌላው ክሬም።

«ሁለቱም አንድ ናቸው። ዓይንሽ የወደደውን ውሰጂ።»

«አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት አደረጓቸው፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው ሳቁና መታወቂያዋን በመያዣ ተቀብለው ሁለቱንም ለሦስት ቀን ሰጧት። ይሄ ደግሞ ብሶ አስጠረጠራት። ለማያውቀው ሰው ሁለት ሰዓት አስይዞ የሚሰድ ሻጭ ምን ቢያስብ ነው?

በእጅ የሚሞላ ሰዓት ደስ የሚል ነገር ነው። መሙያውን ስታዞሩት ውስጡ ያለ ሽቦ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየተፈታ ሰዓቱን ያስኬዳል። የክሬሙ መሙያ ወፈር ያለ ስለሆነ ለጣት ይመቻል፤ የነጩ ያዳልጣል። በሌላ በኩል የነጩ ሰከንድ ቆጣሪ ረጅም ነው፣ እስከ ፊቱ ጠርዝ ይደርሳል። የክሬሙ ደግሞ ከታች፣ ምስር በምታህል ክብ ውስጥ ለብቻው ይሽከረከራል። የሲስተር ልብ ያለው ክሬሙ ላይ ነበር።

ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱንም እየሞላች፣ ከሬዲዮው ጋር ያላቸውን ልዩነት ደብተር ላይ ትጽፍ ጀመር። ባሏ ከበር ላይ ሆኖ ያያታል።

«እኔንም እንዲህ መርምረሽኝ ብታገቢኝ ኖሮ...»

«ያኔ መጠርጠር መች አውቄ። ካንተ ጋር ስኖር ነው የተማርኩት።»

ሁለት ሰዓት አስራ ሥራ ብትገባ መሳቂያ ስለምትሆን ክሬሙን አሰረች፣ ነጩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የልብ ምት ግን ሰዓቶቹ እስኪረጋገጡ በስልኳ ትቆጥር ነበር። በሦስተኛው ቀን ክሬሙ አራት ሰከንድ፣ ነጩ ስድስት ደቂቃ ቀድመው ተገኙ። ሲስተር ደብተሯን ይዛ ወደ ሱቁ ገሰገሰች።

«ጋሼ፣ ክሬሙን እንድመርጥ ብለው ነው አይደል የተበላሸ ነጭ የሰጡኝ?»

ሽማግሌው ደብተሩን ረጋ ብለው አነበቡ። «ነጩ የት ነበር የዋለው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«እስቲ ቦርሳሽን።»

አንዲት መርፌ ቁልፍ ወደ ቦርሳው መዝጊያ አስጠጉ። መርፌ ቁልፏ ዘልላ ተለጠፈች።

«ማግኔት ነው። ከዋናው ሽቦ ሌላ፣ ሰዓቱ ውስጥ ፀጉር የመሰለ ጥምዝምዝ ሽቦ አለ። ማግኔት ሲነካው እርስ በርሱ ይጣበቅና ትንፋሹ ያጥራል፤ ትንፋሹ ሲያጥር ይሮጣል። ያስሮጠው ቦርሳሽ ነው፣ ልጄ።»

ሰዓቱን አንዲት ትንሽ ማሽን ላይ አሳልፈው ማግኔቱን አጠፉለት። ሲስተር አላመነችም። ወንበር ስባ አንድ ሰዓት ሙሉ ከስልኳ ጋር ስታስተያየው ቆየች። አንዲት ሰከንድ እንኳ አልቀደመም።

«አሁን እጅዎን ያምጡ» አለች።

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

የልብ ምታቸውን በስልኳ ቆጠረች፤ ሰባ ሁለት። በነጩ ቆጠረች፤ ሰባ ሁለት። በክሬሙ ስትቆጥር ግን አንገቷን ብታጎነብስም ያቺ ቅንጣት ቆጣሪ ከዓይኗ ጠፋች፤ ስልሳ ዘጠኝ። ደገመች፤ ሰባ አራት። ክሬሙን ትንሽ አገላብጣ አየችውና ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ያምራል» አለች።

«ያምራል። ሥራሽ ግን ከነጩ ጋር ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አንድ ናቸው አሉኝ?»

«ምን እንደምትቆጥሪበት መቼ ነገርሽኝ?»

ነጩን ገዛች። በማግስቱ ዋርድ ስትገባ ቦርሳዋን ራቅ ያለው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለች። የመጀመሪያውን ታካሚ ሁለቴ ቆጠረች፤ ሰባ ስድስት፣ ሰባ ስድስት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛዋን ቆጥራ ስትጨርስ ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው የታካሚዋን እጅ አልለቅ አሉ። ሲስተር ሰዓቷን አየት አደረገች፤ ከዚያ ጣቶቿን አነሳችና ጻፈች።